ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ቦንጋ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ወሬው ቡና ነው። ስለ ማንኪራ ያወራል፣ ከጫካ ስለሚለቀም ቡና ያወራል፣ ተሸክሞት ስለመጣው ማር ያወራል። ደግ ነው፤ እኔም ስጠየቅ ከዚያው አላልፍም። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ፍሪሲዮን ነው። አትሳቁ። ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ዝናብ ወር በማይመርጥበት አገር፣ ዕድሜው ከእናንተ በሚበልጥ መኪና ዳገት ስትወጡ፣ ከግራ እግራችሁ ሥር ያለችው ፔዳል ከቡናውም ከማሩም በላይ ታሳስባለች።

መኪናው የአጎቴ ነው። ማንዋል ሂሉክስ ፒካፕ ሲሆን እኔን በሦስት ዓመት ይበልጠኛል (ታላቄ ነው እንግዲህ)። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። መኪናው ግን ጡረታ የለውም። በሰፈሩ ሰው ሲታመም አምቡላንስ፣ ሰርግ ሲኖር የሙሽራ መኪና፣ ቡና ሲደርስ የጭነት መኪና ይሆናል። እሱ ከቆመ የቆመው የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም።

«ሸጦ አዲስ አይገዛም?» የምትሉ አትጠፉም። የቪትዝ ትውልድ ጥያቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በቀር ሌሎች መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው አብሮ ተነሣ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፣ እሰየው። ግን በየገጠሩ ከተማ ሰውና እህል የሚያጓጉዘው አሮጌ ማንዋል በአንድ ጀንበር አይተካም። ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። ስለዚህ በሽታውን መለየት የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አያዋጣም።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት መዳፎቻችሁን አጣብቁና ቀኙን አሽከርክሩት፤ ግራውም ይከተላል። ትንሽ አላሉት፤ ቀኙ ብቻውን ይዞራል፣ ግራው ይቀራል፣ መሀል ላይ ሙቀት ይሰማችኋል። ፍሪሲዮን ማለት ይኸው ነው። ቀኙ መዳፍ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባዱ ብረት (ቮላኖ) ነው። ግራው ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ሸራ ነው። ሁለቱን አጣብቆ የሚይዛቸው ባለ ሞላ ሳህን አለ። ፔዳሏን ስትረግጡ ከእግራችሁ አጠገብ ያለው የላይኛው ፓምፕ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ እሱ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ሞላውን ይጫናል። ያኔ መዳፎቹ ይላቀቃሉ። በአንዳንድ መኪና በዘይቱ ፋንታ ኬብል አለ። (ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ... ጣሊያን ለቆ ከወጣ 80 ዓመት አለፈው፤ ጋራዣችን ውስጥ ግን ቋንቋው እስካሁን ከቦኖው አልተነሣም።)

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ታይፎይድና ታይፈስ

ትኩሳት ይዟችሁ ክሊኒክ ስትሄዱ ምን እንደምትባሉ ታውቃላችሁ። «ታይፎይድና ታይፈስ»። ራሳችሁን ቢያማችሁም፣ ሆዳችሁን ቢያማችሁም፣ ፈተና ደርሶባችሁ ቢደክማችሁም ያው ነው። ጋራዥም የራሱ ታይፎይድና ታይፈስ አለው። መኪናው ማርሽ አልቀበል ቢል፣ ዳገት አልወጣ ቢል፣ ከሥር ቢያጉረመርም፣ መልሱ አንድ ነው፤ «ፍሪሲዮን አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ»።

ካምቢዮ ማውረድ ቀልድ አይደለም። መኪናው ይነሣል፣ ቡሎን በቡሎን ይፈታል፣ ከባዱ ዕቃ በሰው ደረት ላይ ይወርዳል። ሸራው ቦንጋ ካልተገኘ ጅማ ይፈለጋል፤ ጅማ ከጠፋ አዲስ አበባ ተደውሎ በአውቶቡስ ይላካል። በዚህ መሀል መኪናው ሆዱን ተቀዶ ዝናብ ይመታዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ በሽታው ሌላ ሆኖ ቢገኝስ? ገንዘቡ ወጥቷል፣ ቀኑ አልፏል፣ የሚመልስላችሁ የለም።

ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር ከጅማ ወደ ቦንጋ ስንመለስ የገጠመንን ልንገራችሁ። መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ስትሻገሩ ከፋ ትገባላችሁ፤ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከኋላ ሦስት ሰዎችና ሁለት ኩንታል ጤፍ ይዘናል። ዳገቱ መሀል ላይ አጎቴ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን ቀስ አለ። ጨመረ፤ ጩኸቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ግን ወረደ። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

የከፋ ሰው አፍንጫ ላይ ቀልድ የለም። ቡና ሲቆላ ያደገ ሰው፣ ጓዳ ሆኖ «አሁን አውጪው፣ ሊያር ነው» ይላል። ከኋላ የተሳፈሩት እናት ከሁላችን ቀድመው፣ «ኧረ አንድ ነገር አረረ!» አሉ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ያረረ ቡናና የተቃጠለ ጎማ የተደባለቀበት ነገር ነው፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም።

ቆምን። ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍን። ሲነሣ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ወጣ! ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደና ደግሞ ያው ሆነ። እንዲህ እያረፍን በማታ ቦንጋ ገባን።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ሞተሩን እንኳ አላስነሣም። አጎቴ «ዳገት ላይ ይጮሃል» ብሎ ሳይጨርስ፣ «ፍሪሲዮን አልቋል ጋሼ፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለ። የነገረን ዋጋ የአጎቴን የስንት ወር ጡረታ እንደሚበላ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

የኤንትሬው ሾፌር

የአጎቴ ጎረቤት በወጣትነታቸው ኤንትሬ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። (ኤንትሬ የማታውቁ ልጆች፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። አገሩን ለዓመታት የተሸከመ የፊያት ጭነት መኪና ነው።) ነገሩን ሲሰሙ ካምቢዮ ይውረድ አይውረድ አላሉም። ጥያቄ ነው የጀመሩት።

«መምህር፣ መኪናው ሲደክም ሞተሩ ጮኸ ወይስ ድምፁ ወረደ?»

ይቺ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ሞተሩ ራሱ ጉልበት ካጣ (ነዳጅ ካልደረሰው፣ አየር ማጣሪያው ከታፈነ) ድምፁ እየወረደ፣ እየታፈነ ይሄዳል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ከቀረ ግን ጉልበቱ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ መዳፎቹ እየተንሸራተቱ ነው። የእኛው ጮኋል።

«ከማለዳው ነው ወይስ ሲሞቅ?»

ሲሞቅ።

«በቅርቡ ምን ተነካ?»

አጎቴ አሰበ። ከሁለት ሳምንት በፊት የላይኛው ፓምፕ ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር በሌላ ጋራዥ ተቀይሯል። ሽማግሌው «እ...» አሉና ተነሡ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሜዳ ላይ፣ ከፊቱ ሰው በሌለበት አደረጉት። ሞተሩ ተነሣ፣ የእጅ ፍሬን ጥብቅ ተደርጎ ተሳበ፣ ሦስተኛ ማርሽ ገባ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጠና ፔዳሏ በቀስታ ተለቀቀች። ጤነኛ ፍሪሲዮን ያለው መኪና በዚህ ጊዜ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋና ሞተሩ እንደዋዛ ከዞረ ሸራው አልያዘም። የእኛው እንደ ሻማ እፍ ብሎ ጠፋ። አያችሁ? ሸራው «አልቋል» ተብሎ የተፈረደበት መኪና፣ በብርዱ፣ ቀጥ አድርጎ ያዘ። (ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ አድርጋችሁ ተዉት፤ ደጋግሞ መሞከር ራሱ ሸራ ይበላል።)

ከዚያ መኪናውን የቦንጋን ዳገት ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሱትና አሞቁት። ያው ሙከራ ሲደገም ሞተሩ ለመጥፋት ዘገየ፣ ተንገዳገደ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና ፔዳሏን በጣታቸው ገፋ አደረጓት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፔዳል ከላይ ትንሽ ባዶ ጉዞ ሊኖራት ይገባል፤ በጣት ስትገፋ ሳይከብዳት የምትሄደው። በብዙዎቹ የቶዮታ ፒካፖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛዋ ምንም አልነበራትም። ገና ከመነካቷ ትገፋለች።

«አንተ ልጅ፣ ሥር ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ታችኛው ፓምፕ ላይ የአየር ማስወጫ ትንሽ ቡሎን አለች። ፔዳሏን ማንም ሳይረግጥ ላላ እንዳደርጋት አዘዙኝ። ላላ ሳደርጋት ዘይቱ ፊን ብሎ ወጣ። ማንም ሳይረግጥ! መልሼ አጠበቅኳት። ሙከራው ተደገመ፤ ሞተሩ እፍ ብሎ ጠፋ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፣ «ካምቢዮው ምን በደለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ፓምፕ ሲቀየር ከፔዳሏ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ረዝሞ ታስሯል። ዘንጉ ፒስተኑን ሁልጊዜ ትንሽ እየገፋ ስለያዘው፣ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስበት ቀዳዳ ተደፍኖ ይቀራል። ዘይት ሲሞቅ ደግሞ ያብጣል። መመለሻ ካጣ ወዴት ይሂድ? የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል። ሰው እግሩን ፔዳሏ ላይ አሳርፎ እንደሚነዳ ማለት ነው። ሲበርድ ዘይቱ ይሰበሰባል፣ መኪናው ይድናል። መድኃኒቱ በ12 ቁልፍ የምትላላ አንዲት ዳዶ ነበረች። ዘንጉ አጠረ፣ ፔዳሏ ባዶ ጉዞዋን አገኘች፣ ዘይቱ አየሩ ወጥቶለት ተሞላ። ሸራው በዚያ ዳገት ትንሽ መበላቱ አልቀረም፤ ግን እስከዛሬ ይዟል።

የማይዝ፣ የማይላቀቅ፣ የሚጮህ

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሪሲዮንን በሽታ በሦስት ቤት ከፍዬ ነው የማስበው።

አንደኛው የማይዝ ነው፤ የአጎቴ ዓይነት። መጀመሪያ የሚታየው በከባድ ማርሽ፣ በዳገትና በጭነት ነው። ምክንያቱ የሸራው ማለቅ ሊሆን ይችላል። ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው የሚያንጠባጥብ ዘይት ሸራውን አርሶት፣ ወይም ሞላው ደክሞ ሊሆን ይችላል። የፔዳሏ ባዶ ጉዞ መጥፋትም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ብቻ ካምቢዮ ሳይወርድ ይድናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ሁለተኛው የማይላቀቅ ነው። ፔዳሏ እስከ ወለል ተረግጣ ማርሽ አልገባ ይላል፣ ይንኮሻኮሻል። ወይም መኪናው ተረግጦ ሳለ ወደፊት ይሳባል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ፔዳሏ ተረግጣ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። ፔዳሏን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትመቷት ከተሻለው፣ ዘይቱ ጎድሏል ወይም አየር ገብቶበታል። የዘይት ዕቃውን እዩ። ከፔዳሏ በላይ ያለው ግድግዳ ርሶ ከሆነ የላይኛው ፓምፕ፣ የታችኛው ፓምፕ ጎሚኒ ውስጥ እርጥበት ካለ የታችኛው ያፈሳል። የሚንኮሻኮሸው አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ግን፣ ፍሪሲዮኑን ተዉት፤ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው።

ለከፋ ዓይነት አገር አንድ ነገር ልጨምር። በዝናብ ሳምንታት የቆመ መኪና ሸራው ከቮላኖው ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። «ትላንት የነበረ ፍሪሲዮን ዛሬ ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደቆመ አስቡ። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይቀየር። ቸኩላችሁ የሞተር ዘይት እንዳትጨምሩበት፤ የፓምፖቹን ጎሚኒዎች ያሳብጥና ሁሉንም ያበላሻል።

ሦስተኛው የሚጮህ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በዜሮ ማርሽ አዳምጡ። ፔዳሏን ስትረግጡ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሳትረግጡ ኖሮ ስትረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን ማምታታት ማለት ፍሪሲዮን ቀይሮ ከነጩኸቱ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ ሸራው ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች ተበልተውም ሊሆን ይችላል። ጎማዎቹን ማየት ነጻ ነው።

መካኒኮችን ለማማት አይደለም ይህን ሁሉ የምለው። በብርዱም በሙቀቱም የሚንሸራተት፣ ፔዳሏ ባዶ ጉዞ ያላት፣ ዘይቱ ግፊት ያልያዘበት መኪና ካለ፣ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ፣ መካኒኩ ትክክል ነው። ከወረደም አይቀር ሸራው፣ የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ቮላኖው ይታይ፤ የሞተሩ የኋላ ዘይት መያዣ ያንጠባጥብ እንደሆነ ይፈተሽ። አንዱን ቆጥባችሁ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ ደግማችሁ እንዳትከፍሉ።

ቁልቁለቱ

ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ገንዘብ ይበላል። ቁልቁለት ላይ የማይላቀቅ ፍሪሲዮን ግን ሰው ይበላል። ከቦንጋ ወደ ጎጀብ ስትወርዱ መኪናውን የሚይዝላችሁ ፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል። አሁን አስቡት። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ልትቀንሱ አወጣችሁት፤ ሦስተኛው አልገባ አለ፤ አራተኛውም አልመለስ አለ። ሰው ጭናችሁ በዜሮ ማርሽ ቁልቁል እየወረዳችሁ ነው። የቀራችሁ ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም በተረገጠ ቁጥር ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይደክማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብለው በዜሮ የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። የሚቆጥቧት ነዳጅ ከዚያ ሁሉ ነፍስ ጋር ምን ሊመዘን ነው?

ማርሽ እንደልቡ የማይገባ መኪና ካላችሁ ከጅማም ከቦንጋም ቁልቁለት አትጀምሩ። ጤነኛም ከሆነ፣ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንሱ፤ እግራችሁንም ከፔዳሏ አንሡ።

ጋራዥ ስትሄዱ «ፍሪሲዮኑ ተበላሽቷል» አትበሉ። የበሽታውን ስም ከሰጣችሁ፣ የሚሰጣችሁ መድኃኒት ለዚያ ስም ነው። ያያችሁትን ተናገሩ፤ መቼ እንደሚያደርገው፣ ሲበርድ ወይስ ሲሞቅ፣ ሞተሩ ጮኸ ወይስ ታፈነ፣ ፔዳሏ ከላይ ትይዛለች ወይስ ከወለል፣ በቅርቡ ምን ተቀየረ። ከዚያ «መጀመሪያ እንፈትሸው» በሉ። ቁጣም ትምክህትም አያስፈልግም፣ ይቺን አረፍተ ነገር ብቻ። መካኒኩ ደህና ሰው ከሆነ ደስ ይለዋል። ካልሆነም ቢያንስ ያፍራል።

መልካም መንገድ።